አላዛኙ አብዝቶ የጮኸበት ዓመት

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12፣ 1994

የመስሚያው ሳምንታት ዛሬ ተጀመሩ። የድሮውን ባቡር ጣቢያ ጠርጌ፣ ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ መዝገቡን ከመሳቢያው አወጣሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን ሥራ ስሠራ አሥራ አራተኛ ዓመቴ ነው። አላዛኙን፣ ያን የተራራ አውሬ፣ የሰማ ሰው ይደውልልኛል ወይም ራሱ ይመጣል፤ እኔ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሰሚውን ስም እጽፋለሁ፤ ካርታው ላይም ቀይ ራስ ያላት መርፌ እሰካለሁ። ከሁሉ ቀድሞ የሰማ ሰው በአላዛኙ በዓል ቀን አንድ ሙሉ በጭስ የደረቀ የአሳማ ጭን ይሸለማል።

ቨርል ስታምፐር ሚስማር የሚሸጥበትን ሽርጥ እንኳ ሳያወልቅ ከሱቁ መጣ። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ በዚህ ወቅት ከከንቲባው ይልቅ እሱ ይፈራል። ባለፈው ዓመት የመዘገብነው ስድስት ጩኸት ብቻ ነበር፤ ከስድስቱ ሦስቱን ደግሞ የቦግስ ልጆች በቀንድ እንደነፉት መላው የሃስከል ሩን ከተማ ያውቃል። «ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ሰው አይመጣም፣ ዴሳ» አለኝ። የማዕድን ማውጫው ተዘግቷል፤ ትምህርት ቤቱም ሊዘጋ ነው እየተባለ ነው። አላዛኙ ዝም ካለ ለዚች ከተማ ምን ይቀራታል? ቢሆንም እኔ ላስጮኸው አልችልም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 14

ተናድጃለሁ።

ከቻርልስተን የመጣች ጋዜጠኛ እያነጋገርኩ ነበር። አላዛኙ የአጋዘን እግርና የሰው ትከሻ እንዳለው፣ በመከር ወራት ከከትለር ተራራ ላይ እንደሚያላዝን ነገርኳት። ወጉንም ነገርኳት። ጩኸቱ ሲሰማ ወንድ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ሴት አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ድምፁ እስኪያልፍ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ወደ ድምፁም አይሄድም። መልስ የሰጠውን ሰው ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ ዓመት ሳይሞላም ከዚያ ቤት አንድ ሰው ይጎድላል። ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ሆበርት ይህን ስናገር ከነጭቃ ጫማው ገባና ሳቀ። «እመቤቴ፣ የሚጮኸው ቀበሮ ነው» አላት። «ሌላው ለጎብኚ ኮፍያ መሸጫ ወሬ ነው።» የመጣው ግን ለቀበሮ አልነበረም። ኮሚቴው ለጎብኚ የጠረገው መንገድ እሱ ጂንሰንግ የሚባለውን የመድኃኒት ሥር የሚቆፍርበትን ቦታ ያቋርጣል፤ የሃያ ዓመት ሥር ይረገጣል ብሎ ነው የተቆጣው። መሬቱ የአባታችን ነው፤ ግማሹም የእኔ ነው። አትፈርሚ እያለኝ ለመንገዱ ፈቃድ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ።

ቨርልም ጋዜጠኛዋም ቆመው እያዩ «ከዛሬ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እራት የምሠራለት ወንድም የለኝም» አልኩት። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ከዚያ ስልክ ከሌለው ተጎታች ቤቱ እየወረደ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ጋ ይበላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ሐሙስ አላጎደለም። «እሺ፣ ዴሳ። በዓልሽ ሲያልፍ እንነጋገራለን» ብሎ ወጣ። ወለሉ ላይ የተወውን ጭቃ የጠረግኩት እኔው ነኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 15

ቦሎቄ ቀቀልኩ፤ የበቆሎ ዳቦ ጋገርኩ። የሁለት ሰው ነው። እጅ ልማዱን አይተውም። አልመጣም። ይቅርበት።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 21

እስካሁን አንድም መርፌ አልሰካሁም። ቨርል በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ ካርታውን አፍጥጦ ያያል።

በመንገዱ መግቢያ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ እንደገና ቀለም ቀባሁት፤ ከመንገዱ አትውጡ፣ ሣሩ ሥር የማዕድኑ የአየር ማስገቢያ ጉድጓዶች አሉ ይላል። ጉድጓዶቹ በሳንቃ የተሸፈኑት በአባቴ ዘመን ነው። ጎብኚዎች ሲያነቡት ይስቃሉ። የጨዋታው አካል ይመስላቸዋል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 26

ሆበርትን አየሁት። ከግሮሰሪው ባትሪና ቡና ገዝቶ ሲወጣ ከመንገዱ ማዶ እጁን አነሳልኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ ፈለግሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ። ዋጥኩት። ቀና ስል ሄዷል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 28

ጮኸ! የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ማለዳ ሞተር ሲያሞቅ ሰማው። ከከትለር በኩል ነው፤ ረጅም ነው። የአሳማው ጭን የእሱ ሆነ። ቨርል ግንባሬን ሳመኝ። የቦግስን ልጆች አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ሁለቱም በዚያ ሰዓት አልጋቸው ላይ ነበሩ። ቀንዱም ቨርል ሱቅ ተቆልፎበታል። እንግዲህ እውነተኛው ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 29

ዛሬ ሁለት። አንዱ ማለዳ፣ አንዱ ከቀትር በኋላ። በቀን ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ስልኩ አላረፈም። ሁለቱም ከከትለር።

አልመጣም። ሆበርት ጫካ ገብቶ ይሆናል፤ በየዓመቱ በዓሉን ሸሽቶ ከነድንኳኑ ይገባል። አዲስ ነገር አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 1

ዘጠኝ መርፌ። እንዲህ ያለ ዓመት በእኔም ከእኔ በፊት በነበሩትም ዘመን አልታየም፤ የድሮ መዝገቦችን አገላብጬ አረጋግጫለሁ። ሬዲዮው ተናገረ። ሞቴሉ ሞልቶ ሰዎች ቤታቸውን እያከራዩ ነው። መርፌዎቹ ሁሉ ከድሮው ማዕድን በላይ አንድ ቦታ ላይ ተከማቹ፤ ቨርል «ዘንድሮ ጎጆውን እዚያ ቀልሷል» እያለ ለሁሉ ያወራል። የሰሙት ሁሉ ድምፁ ተለውጧል ይላሉ። እንደ ድሮው ከላይ፣ ከዛፎቹ የሚመጣ አይመስልም፤ ከድንጋይ ሥር ነው የሚወጣው። በመዝገቡ «ጥልቅ፣ ባዶ በርሜል ውስጥ እንደሚጮህ» ብዬ ጻፍኩ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ብሎኛልም። ከማን ጋር ልሳቅ ነው እንጂ። ሆበርት ቢኖር ቀበሮዋ ጉንፋን ይዟታል ይለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኦክቶበር 2

ዛሬ በራሴ ጆሮ ሰማሁት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከኦሃዮ በአውቶቡስ የመጡ አርባ ያህል ጎብኚዎች ሜዳው ላይ ቆመው ነበር። ወጉን እያስረዳኋቸው ሳለ ከተራራው መጣ። እጄን አነሳሁ፤ ሁሉም ዝም አለ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ እንዳሳየኋቸው አፋቸውን ያዙ። አርባ እንግዳ ሰው በእኔ እጅ ጸጥ ሲል አንዳች ነገር ተሰማኝ፤ ኩራት ነው፣ ልደብቀው አልችልም። ሦስት ጊዜ ጮኸ። በየመካከሉ ዝም ይል ነበር። ሲያልፍ «ዕድለኞች ናችሁ፣ ይሄ እሱ ነው» አልኳቸው፤ አጨበጨቡ።

አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ የአባቷን ሱሪ ይዛ «ደክሞታል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀላት። እኔም ሳቅሁ።

እማማ ኔቫ ግን አልሳቁም። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ አላዛኙን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይሰሙታል። ክንዴን ይዘው «ድሮ የምሰማው እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። «የድሮው ጮኾ ጮኾ ይሄዳል። ይሄኛው ይጮህና ያዳምጣል።»

«ጆሮዎ ደክሞ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«ጆሮዬስ ደክሟል። እሱ ግን ያዳምጣል» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 3

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው፤ በዕድሜዬ አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ልቤ አላርፍ ቢለኝ ከቀትር በኋላ ወደ ሆበርት ወጣሁ። ለመታረቅ አይደለም። በሦስት ሐሙስ ያልበላውን ዳቦ ላደርስለት ነው፤ እንዲያውም ቁጭ አድርጌለት ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ፒክአፑ ደጁ ላይ ቆሟል። በሩ ተዘግቷል፤ መጋረጃው ተጋርዷል። ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ ከማስገቢያው አልወጣም፤ የአላዛኙ ወሬ ያለበት ስለሆነ ተጠይፎት ነው አልኩ። አንኳኳሁ። መኪናው እዚህ ካለ እሱም እዚህ አለ፤ አይቶኝ ተደብቋል ማለት ነው። ይሄ ነው ያናደደኝ። በስልሳ ሦስት ዓመቱ ከእህቱ የሚደበቅ ሰው።

የመኪናዬን ጥሩምባ ደጋግሜ ነፋሁ። ከዚያም በጉሮሮዬ ሙሉ ጮኽኩ። «ሆበርት! እንዳለህ አውቃለሁ! ወንድ ከሆንክ ውጣ!»

ያኔ ጮኸ። አላዛኙ። ከተጎታቹ ጀርባ፣ ከዛፎቹ ውስጥ፣ ምናልባት ሦስት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። ጩኸቴ ቀስቅሶት መሆን አለበት፤ እኔ ዝም ስል እሱ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጮሃል፤ እየፈጠነ፣ እየተደራረበ መጣ። ሊመጣብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ቆምኩ። አንዲት ቃል አልወጣኝም፤ ወጉን አልሰበርኩም። ትንሽ ጋብ ሲል ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ፣ የመኪናውን በር ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወረድኩ። እስከ ታች ድረስ ይሰማኝ ነበር።

መዝገቡ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ቨርል ጮክ ብሎ አነበበውና ለቻርልስተኗ ጋዜጠኛ ደወለላት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ቀኑን ሙሉ ሰው ከበበኝ። ምን ይመስል ነበር፣ አልፈራሽም፣ እያሉ ጠየቁኝ። አሥር ጊዜ አወራሁት። በአሥረኛው ላይ ሆበርትን ጠርቼ እንደነበር መናገሩን ተውኩት፤ ወሬውን ያስረዝመዋል።

አንዲት ጩኸት ብቻ፣ ማለዳ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

ትናንት የለም። ዛሬ አንድ፣ አጭር።

የሸሪፉ ምክትል ክላይድ ለበዓሉ የመኪና ማቆሚያ ሊለካ መጣ። ሆበርትን አይተኸዋል ወይ አልኩት። አላየውም። ወጣ ብለህ እየው ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱም «ችግር አለ እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ጠባችንን ያውቃል፤ ቀድማ ተረታች እንዳይሉኝ «ኧረ ምንም» አልኩት። «ከበዓሉ በኋላ ካልወረደ እኔ እወጣለሁ» አለ።

ቦሎቄ ሠርቼ ደፋሁት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

የዋዜማው ምሽት። ሜዳው ላይ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ጥብስ፣ የፖም ጭማቂ፣ ባንጆ። ፀሐይ ስትገባ ባንጆው ቆመ፤ ቨርል ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። እንጠብቅ አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። ሰው መቁነጥነጥ ሲጀምር መጣ። ደካማ ነበር፤ ነፋሱ ባይረዳ አይሰማም ነበር። ሦስት መቶ ባርኔጣ ወረደ። እኔም በማይክሮፎኑ፣ በሹክሹክታ፣ «እንዳትመልሱለት» አልኩ።

አንድም ሰው አልመለሰም። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሴቶች እንባቸውን ሲያብሱ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያምራል ብለን አላሰብንም አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 8

በዓሉ። ሰልፉ፣ የአላዛኝ ልብስ የለበሱ ልጆች፣ የጭኑ ሽልማት። እግሬ አብጧል።

ከተራራው ምንም የለም። ማለዳም፣ ቀንም፣ ማታም። ከአራት ግዛት የመጣ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ቨርል ላብ በላብ ሆነ፤ በመጨረሻ ቀንዱን አውጥቶ ለትልቁ የቦግስ ልጅ ሰጠው። ከጫካው ጫፍ ነፋው። ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም አፌን ያዝኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ዝናብ። ሁሉም ሄዷል። ሆበርት «በዓልሽ ሲያልፍ» ብሎኛል፤ አልፏል። እሑድ ቢሆንም ሁለት ሳህን አወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13

አልመጣም። ክላይድ ቢሮ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ቢያየኝ ግድ አላለኝም። ወጥቶ ተጎታቹን አይቶ ተመለሰ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ድንኳኑም ቦታው ላይ ተጠቅልሎ አለ። ደረጃው ላይ ያለው ዳቦ በወፍ ተበልቷል አለኝ። ለሽኮኮ አዳኞቹ ተናግሯል፤ ከነውሾቻቸው ይወጣሉ።

ድንኳኑ ቤቱ ካለ ምን ይዞ ገባ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 15

ሆበርትን አገኙት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 16

የማዕድኑ የአየር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከተጎታቹ ሦስት መቶ እርምጃ ይሆናል። ሳንቃው በስብሶ ከድቶታል። የጉድጓዱ ጥልቀት አሥር ሜትር ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ታቹ ውሃ የሚያንጠባጥብ። የጂንሰንግ ከረጢቱ አጠገቡ ነበር። እግሩ ተሰብሯል፤ በቀበቶውና በሁለት እንጨት አጥብቆ አስሮታል።

ክላይድ ባርኔጣውን ይዞ ሳሎኔ ውስጥ ቆመ። ዶክተሩ ስንት ቀን ሳይሞት እንደቆየ ገምቷል፣ ልነግርሽ እችላለሁ አለኝ። እጄን አነሳሁ። አልፈልግም አልኩት። እጄ ሲነሳ እንዴት ዝም እንዳለ አየሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 18

ቀበርነው፤ ከሚስቱ ጎን። ልጁ ዳርላ ከኮሎምበስ መጣች። ፓስተሩ በሚወደው ጫካ፣ በጸጥታ አረፈ አለ። በጸጥታ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጫማ ያይ ነበር፤ እርስ በርስ የተያየ የለም።

ዳርላ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሳህን እያደራረቀች «አክስቴ፣ ተሰቃይቷል?» አለችኝ። የአባቷ ዓይን ነው ያላት። «ወዲያው ነው ያለፈው፣ የኔ ልጅ» አልኳት። አቀፈችኝ። ስታቅፈኝ እጄ ውስጥ የያዝኩትን ጽዋ እንዳልሰብር ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20

መርፌዎቹን ነቀልኳቸው። ግድግዳው ቀለም ያስፈልገዋል። አሥራ ሰባት ናቸው፤ ከአንዷ በቀር አንድ ቦታ ላይ። ወረቀቱ እዚያ ተበሳስቶ ተቀድዷል። ያቺ አንዷ የቀንዱ ናት፤ እሷንም ያኔ በእጄ ሰክቻታለሁ።

ቨርል መጣ። ከሱቁ እስከዚህ ሲመጣ ያረጀ መሰለኝ። ያዘጋጀውን ተናገረ። አላዛኙ አባቶቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ ይጮህ ነበር፤ ሆበርት የወደቀበትን ቀን ማንም አያውቅም፤ ሁለቱን ነገር ማገናኘት ክፋት ነው። «መዝገቡን ግን ቤትሽ ውሰጅው» አለኝ በመጨረሻ። «እዚህ አይቀመጥ።»

«ምን ፈርተህ?» አልኩት።

«አንቺ የምትፈሪውን» አለ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዚህ መከር እንደሳቅነው ስቀን አናውቅም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 2

ግሮሰሪ ስገባ ወሬ ይቆማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ምናልባት ምንም አይሉም። ምናልባት እያንዳንዱ የራሱን የሰማበትን ቀን እየቆጠረ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር የአሳማውን ጭን ሳይነካው መልሶ ደጄ ላይ ትቶልኛል። ከአፈር ቀበርኩት።

እማማ ኔቫ ጋ ሄድኩ። ያሉኝን ላስታውሳቸው፣ ምናልባትም እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነው። አልተቆጡኝም። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው «እኔ ሰምቼ፣ አውቄ፣ ቤቴ ገብቼ ሾርባዬን ጠጥቻለሁ» አሉኝ። «ቁጣ ከሌላ ሰው ፈልጊ።»

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12

ዳርላ ደወለች። አመሻሽ ላይ ነበር።

የዶክተሩ ወረቀት በፖስታ ደርሷታል። ድምፅዋ ጎርነን ብሎ፣ ከወረቀቱ ላይ እያነበበች ነገረችኝ። ከዘጠኝ እስከ አሥር ቀን። የሚንጠባጠበውን ውሃ ይጠጣ ነበር። ጉሮሮው ቆስሏል ይላል። ያቺን መስመር ሁለቴ አነበበችልኝ። «ወዲያው ነው ብለሽኝ ነበር» አላለችም። ብትለኝ በወደድኩ።

«አክስቴ፣ ጉሮሮው እስኪቆስል የጮኸው ከተማው ጫፍ ላይ ነው» አለች። «አሥር ቀን ሙሉ ማንም አልሰማውም?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ቨርልም ሰጥቶኛል፤ ራሴም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሠራው ከርሜያለሁ። ተራራው ድምፅ ያፍናል፤ ነፋሱ ወዲያ ነው፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ስንት ሰው ዝም በሉ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ደክሞኛል።

«ሁላችንም ሰማነው» አልኳት።

መዝገቡን አውጥቼ አነበብኩላት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰሚውን ስም፤ የእኔንም ስም። ሜዳው ላይ ያጨበጨቡትን፣ ሕፃኗን፣ ማይክሮፎኑን ነገርኳት። ኦክቶበር ሦስት ላይ ስደርስ ገጹን አላነበብኩትም። እዚያ የተጻፈው ሁሉ ስለ አላዛኙ ነው፤ እውነቱ ከመዝገቡ ያጥራል።

«እኔ እደጁ ድረስ ሄጃለሁ» አልኳት። «በስሙ ጠራሁት። አቤት አለኝ። ደጋግሞ አቤት አለኝ፣ ዳርላ። እኔ አፌን ይዤ ሲበቃው ጥዬው ወረድኩ።»

ምንም አልመለሰችልኝም። ስልኩንም አልዘጋችውም። ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። እስኪጨልም ድረስ እንደዚያ ቆየን።